ሚሞሪ ካርድ ባትሪ ይበላልን? በሙዚቃ ማጫወቻ ውስጥ የኃይል ፍጆታ ምርመራ

ተንቀሳቃሽ የሙዚቃ ማጫወቻ ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ቅሬታ አለ። ማጫወቻው በራሱ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ የተጫኑትን ዘፈኖች ሲያጫውት ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይዘልቃል። በጎኑ በኩል ባለው ቀዳዳ የማኅደረ ትውስታ ካርድ፣ በተለምዶ «ሚሞሪ» የምንለው ቁራጭ፣ ሲገባለት ግን ያው ባትሪ ከወትሮው ቀድሞ ይደክማል። ከዚህም የተነሣ «ካርድ ባትሪ ይበላል» የሚለው ድምዳሜ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖሯል። አንዳንዱ ካርዱን አውጥቶ ይጥላል፤ ሌላው ባትሪው አርጅቷል ብሎ አዲስ ይገዛል፤ ቀሪው ደግሞ ማጫወቻውን በሙሉ ይለውጣል።

ነገሩ የቅንጦት ጥያቄ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የመብራት መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ የሚኖር ሰው ካርድ የሚቀበለውን ትንሽ ራዲዮውን በገበያ ቀን ወደ ከተማ ይዞ ሄዶ፣ ገንዘብ ከፍሎ ቻርጅ ያስደርጋል፤ የባትሪ ድንጋይ የሚጠቀመውም ድንጋዩን የሚገዛው ከዚያው ገበያ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የአራት ሰዓት ልዩነት ማለት እስከሚቀጥለው ገበያ መድረስና አለመድረስ ማለት ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ውስጥ ለሚኖረውም ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ቅሬታው እውነት መሆን አለመሆኑን፣ እውነትም ከሆነ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በፊዚክስና በሒሳብ መመርመር ይገባል። ምላሹን አስቀድመን ለመናገር ያህል፣ ቅሬታው መሠረት አለው፤ ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሰውና ጥፋተኛው አንድ አይደሉም።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባዶ ካርድና ባለ አእምሮ ካርድ

በጠጣር ማኅደረ ትውስታ የሚሠሩ የመጀመሪያዎቹ የኤም ፒ ስሪ ማጫወቻዎች ለገበያ የቀረቡት በ1998 ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ስሙ በሰፊው የታወቀው ዳይመንድ መልቲሚዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ሪዮ ፒ ኤም ፒ 300 ነው። የውስጥ ማኅደረ ትውስታው 32 ሜጋባይት ብቻ ነበር። በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት በሚባለው የተለመደ ጥራት የተቀዳ ዘፈን በደቂቃ አንድ ሜጋባይት ያህል ስለሚወስድ፣ 32 ሜጋባይት ከግማሽ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ሙዚቃ ብቻ ይይዛል። አንድ የካሴት ገጽ ማለት ነው። ይህም ስለማይበቃ ማጫወቻው ስማርት ሚዲያ ለተባለ ካርድ የሚሆን ቀዳዳ ተሠርቶለት ነበር። ካርድና ሙዚቃ ማጫወቻ እንግዲህ ከመነሻው ጀምሮ አብረው የኖሩ ናቸው።

ስማርት ሚዲያ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ፣ ከውስጡ የማኅደረ ትውስታ ቺፕ እንጂ ሌላ ምንም የሌለው ካርድ ነበር። የትኛው መረጃ የት እንዳለ መቆጣጠር፣ የተበላሸውን ክፍል መለየት፣ ስሕተት ማረም፣ ይህ ሁሉ የማጫወቻው ሥራ ነበር። በ1999 ማትሱሺታ (በኋላ ፓናሶኒክ የተባለው)፣ ሳንዲስክና ቶሺባ በጋራ ይፋ ያደረጉት ኤስ ዲ ካርድ ግን ሌላ መንገድ ተከተለ። በካርዱ ውስጥ ከማኅደረ ትውስታው ቺፕ ጎን አንድ ተቆጣጣሪ ቺፕ ተቀመጠ። ዛሬ በየስልኩና በየማጫወቻው የምናስገባው፣ በ2005 ደረጃ የወጣለት ማይክሮ ኤስ ዲ ካርድም ርዝመቱ 15፣ ወርዱ 11፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ይሁን እንጂ በውስጡ እንዲሁ ትእዛዝ የሚቀበል፣ የሚያስብና መልስ የሚሰጥ ትንሽ ኮምፒውተር አለው። ጥፍር የምታህል ቁራጭ ውስጥ ኮምፒውተር መኖሩን ብዙ ሰው አይገምትም። ለጥያቄያችን ቁልፉ ግን ይኸው ነው፤ ኮምፒውተር እስከነቃ ድረስ ሥራ ባይኖረውም ኤሌክትሪክ ይጠጣል።

የፍላሽ ማኅደረ ትውስታ ባሕርይ

ፍላሽ ማኅደረ ትውስታ የጃፓናዊው መሐንዲስ የፉጂዮ ማሱኦካ ሥራ ነው። ማሱኦካ በቶሺባ ኩባንያ ሳሉ የመጀመሪያውን ዓይነት በ1984፣ ዛሬ በካርዶች ውስጥ የሚገኘውን ናንድ የተባለውን ዓይነት ደግሞ በ1987 ለሙያው ማኅበረሰብ አቅርበዋል። ስያሜውንም ያመነጩት የሥራ ባልደረባቸው ሾጂ አሪዙሚ ሲሆኑ፣ መረጃው በአንድ ጊዜ መጥፋቱ የፎቶ ካሜራን ብልጭታ ስላስታወሳቸው እንደሆነ ይነገራል።

አሠራሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። እያንዳንዱ የመረጃ ማስቀመጫ ሕዋስ አንድ ትራንዚስተር ነው። በትራንዚስተሩ ውስጥ ዙሪያውን በማይተላለፍ ነገር የታጠረ ቦታ አለ። ኤሌክትሮኖች በዚያ ቦታ ሲታሰሩ ትራንዚስተሩ የሚከፈትበት ቮልቴጅ ይለወጣል፤ ይህ ለውጥ «0» ወይም «1» ተብሎ ይነበባል። የታሰሩት ኤሌክትሮኖች ኃይል ቢቋረጥም ለዓመታት ከቦታቸው አይወጡም። ስለዚህ ካርዱ ዘፈኑን ይዞ ለመቆየት ብቻ ምንም ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም። በኪስ ውስጥ ያለ ካርድ አይራብም።

በማንበብና በመጻፍ መካከል ግን ሰፊ ልዩነት አለ። ለማንበብ በሕዋሱ ላይ መጠነኛ ቮልቴጅ አሳርፎ ፍሰት መኖሩን ማየት ይበቃል፤ ብዙ ሺሕ ባይት የሚይዝ አንድ ገጽ በጥቂት ዐሥር ማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ ይነበባል። ለመጻፍ ግን ኤሌክትሮኖቹን በማይተላለፈው አጥር አሾልኮ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ይህም ወደ 20 ቮልት የሚጠጋ ግፊት ይጠይቃል። ካርዱ ከማጫወቻው የሚያገኘው ከ2.7 እስከ 3.6 ቮልት ብቻ በመሆኑ፣ ቀሪውን በውስጡ ባለ ቮልቴጅ አሳዳጊ ሰርኪዩት እየገፋ ማድረስ አለበት። ስለሆነም መቅዳት ከማድመጥ ይልቅ ውድ ነው።

ሙዚቃ ማዳመጥ ደግሞ ማንበብ ነው፤ ያውም እጅግ ጥቂት ማንበብ። በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት ማለት 16 ሺሕ ባይት ነው። ተራ የሚባል ካርድ በሰከንድ 5 ሚሊዮን ባይት ማቀበል ይችላል። አንዱን ለሌላው ስናካፍለው፣ ካርዱ ከእያንዳንዱ 1000 ሰከንድ ውስጥ በእርግጥ የሚሠራው 3 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን። በቀረው ጊዜ ሁሉ ሥራ ፈት ነው። እንግዲህ ጥያቄው «ካርዱ ሲያነብ ምን ያህል ይፈጃል?» መሆኑ ይቀርና «ሥራ በሌለው ጊዜ ምን ያደርጋል?» ወደሚለው ይዞራል።

ሒሳቡ

ለማስረዳት እንዲመች አንድ ማጫወቻ በሐሳባችን እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተመረጡ ቢሆኑም ከትናንሽ ማጫወቻዎች እውነተኛ መጠን የራቁ አይደሉም። ባትሪው 300 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል። ማጫወቻው ከውስጥ ማኅደረ ትውስታው ሲያጫውት በአማካይ 20 ሚሊ አምፔር ይወስዳል። 300 ለ20 ሲካፈል 15 ሰዓት ይሆናል። ሳንዲስክ በ2009 ለገበያ ላቀረበው፣ የማይክሮ ኤስ ዲ ቀዳዳ ለነበረው ሳንሳ ክሊፕ ፕላስ ማጫወቻ ያስተዋወቀውም ይህንኑ 15 ሰዓት ነበር።

አሁን ካርድ እናስገባ። ካርዱ ሦስት ዓይነት ኑሮ አለው እንበል፤ ሲያነብ 40 ሚሊ አምፔር፣ ነቅቶ ሥራ ሲፈታ 8 ሚሊ አምፔር፣ ሲተኛ ደግሞ 0.2 ሚሊ አምፔር ይወስዳል። «ሲተኛ» ስንል ማጫወቻው ወደ ካርዱ የሚልከውን የሰዓት ምት አቁሞ፣ ተቆጣጣሪው ቺፕም ራሱን ወደ ዝቅተኛ ፍጆታ መልሶ ማለታችን ነው።

በመጀመሪያ የታሰበበት ማጫወቻ እንውሰድ። ይህ ማጫወቻ አንድ ሚሊዮን ባይት የሚይዝ ጊዜያዊ ማቆያ አለው። ከካርዱ አንድ ሚሊዮን ባይት በ0.2 ሰከንድ ውስጥ አንሥቶ ወደ ማቆያው ይሞላል፤ ከዚያም ካርዱን ያስተኛዋል። ማቆያው ውስጥ ያለው ሙዚቃ ለ62 ሰከንድ ያህል ይበቃል። እስከዚያ ካርዱ አይነካም። የንባቡ ድርሻ በአማካይ 0.13 ሚሊ አምፔር፣ የእንቅልፉ 0.2፣ በድምሩ 0.33 ሚሊ አምፔር ይሆናል። 300 ለ20.33 ሲካፈል 14 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። የጠፋው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም።

ቀጥሎ ያልታሰበበትን እንመልከት። የዚህ ማጫወቻ ማቆያ ጠባብ ነው፤ ጥቂት ጥቂት እየቀነጨበ በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ካርዱን ይጠራል፤ የሰዓት ምቱንም ፈጽሞ አያቆምም። ካርዱ ያነበበው ያንኑ ዘፈን፣ ያንኑ የባይት ብዛት ስለሆነ የንባቡ ድርሻ አሁንም 0.13 ሚሊ አምፔር ነው። ነገር ግን በቀረው ጊዜ ሁሉ ነቅቶ ስለሚጠብቅ 8 ሚሊ አምፔር ይጨመርበታል። 300 ለ28.13 ሲካፈል 10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። ከአራት ሰዓት በላይ ጠፋ።

ካርዱ ያው፣ ባትሪው ያው፣ ዘፈኑ ያው ነው። ካርዱን በር በከፈተበት ቁጥር ሳይሆን ነቅቶ ባደረበት ሰዓት ልክ እንደሚከፈለው ዘበኛ አድርጎ መመልከት ይቻላል። በሩ በሌሊት አንድ ጊዜ ተከፈተ ሁለት ጊዜ፣ ደመወዙ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። «ካርድ ባትሪ ይበላል» የሚለውን አባባል ትክክል የሚያደርገው ወይም የሚያፈርሰው፣ እንግዲህ፣ የማጫወቻው ፕሮግራም ካርዱን ማስተኛት ማወቁ ነው። ገዢው ይህን በማሸጊያው ላይ ተጽፎ አያገኘውም። አምራቾች የባትሪውን ዕድሜ የሚያስታውቁት ለእነርሱ በሚመች ሁኔታ ለክተው መሆኑን ማስታወስም አይከፋም።

ከሃርድ ዲስክ የተወረሰ ብልኀት

ይህ ብልኀት ለካርድ ተብሎ የተፈጠረ አይደለም። አፕል ኩባንያ በጥቅምት 2001 ያስተዋወቀው የመጀመሪያው አይፖድ በውስጡ ቶሺባ የሠራው፣ ስፋቱ 1.8 ኢንች የሆነና 5 ጊጋባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ነበረው። ዲስክ ማለት የሚሽከረከር ነገር ነው። ሳያቋርጥ እንዲሽከረከር ቢተው ያንን ትንሽ ባትሪ በአጭር ጊዜ ይጨርሰው ነበር። መሐንዲሶቹ 32 ሜጋባይት ራም አስገቡለት። ዲስኩ ለአፍታ ተነሥቶ ብዙ ዘፈን ወደ ራሙ ይሞላና ይቆማል፤ ኩባንያው እንዳስተዋወቀው ከዚያ በኋላ እስከ 20 ደቂቃ ሙዚቃው ከራሙ ብቻ ይፈስሳል። በዚህ መንገድ 10 ሰዓት ማጫወት ተቻለ። ውሃ ከምንጭ በእንስራ የሚቀዳና በጣሳ የሚመላለስ ሰው ድካማቸው አንድ አይደለም።

አስገራሚው ነገር ቀጥሎ የሆነው ነው። ፍላሽ ማኅደረ ትውስታ ሲረክስ ዲስኩ ከትናንሽ ማጫወቻዎች ወጣ። የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ «ከእንግዲህ ትልቅ ማቆያ ምን ያደርጋል?» ተባለና ራሙ ወጪን ለመቆጠብ ሲባል ተቀነሰ። በብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች ውስጥ በሜጋባይት ሳይሆን በኪሎ ባይት የሚቆጠር ማቆያ ብቻ ቀረ። ለውስጥ ማኅደረ ትውስታው ይህ ብዙም ጉዳት አልነበረውም፤ ምክንያቱም የውስጡን ቺፕ የሚቆጣጠረው ራሱ ማጫወቻው ስለሆነ እንደፈለገው ያዘዋል። ከውጭ የሚመጣው ካርድ ግን የራሱ ተቆጣጣሪ ያለው እንግዳ ነው። ሰዎች በውስጥ ማኅደረ ትውስታና በካርድ መካከል ያዩት ልዩነት ከዚህ የመነጨ ነው።

የፕሮግራሙን ድርሻ በግልጽ ያሳየ ሌላም ማስረጃ አለ። ከ2001 መጨረሻ ጀምሮ ሮክቦክስ በሚል ስም በጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ለተለያዩ ማጫወቻዎች የሚሆን ነፃ የውስጥ ፕሮግራም ሲሠሩ ቆይተዋል። ማጫወቻው ሳይከፈት፣ አንድም ዕቃ ሳይለወጥበት፣ ፕሮግራሙ ብቻ ሲቀየር የባትሪው ቆይታ በአንዳንዱ ሞዴል ረዝሞ፣ በሌላው አጥሮ ተገኝቷል። ዕቃው ሳይነካ የሚለወጥ ነገር የዕቃው ጠባይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

የዘፈኑ ዓይነት

የምንጭነው ፋይል ዓይነትም ካርዱ ስንት ጊዜ እንደሚነቃ ይወስናል። ከሲዲ በቀጥታ የተቀዳ፣ ያልታመቀ ዋቭ ፋይል በሰከንድ 1411 ኪሎ ቢት ይወስዳል፤ ከ128 ኪሎ ቢቱ ኤም ፒ ስሪ 11 እጥፍ መሆኑ ነው። ያ አንድ ሚሊዮን ባይት ማቆያ ለ62 ሰከንድ ሳይሆን ለ6 ሰከንድ እንኳ የማይሞላ ጊዜ ይበቃል። በምሳሌያችን ማጫወቻ ላይ የመፍታቱን ሥራ ለጊዜው ትተን የካርዱን ድርሻ ብቻ ብናሰላ፣ 0.33 የነበረው ወደ 1.6 ሚሊ አምፔር ያድጋል፤ ቆይታውም 13 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ይሆናል። ይህም ቢሆን ካርዱ ካነበበ በኋላ ወዲያው ከተኛ ነው። ብዙ ካርዶች ግን ንባቡ እንዳለቀ ወዲያው አይተኙም፤ «ምናልባት ሌላ ትእዛዝ ይመጣ ይሆናል» ብለው ይመስል ለአፍታ ነቅተው ይቆያሉ። በየ62 ሰከንዱ አንድ ሰከንድ መንቃት ምንም አይደለም። በየ6 ሰከንዱ አንድ ሰከንድ መንቃት ግን የሕይወቱን አንድ ስድስተኛ መንቃት ነው።

ካርዱ የሚታማባቸው ሌሎች ፍጆታዎች

ከካርድ መግባት ጋር አብረው ስለሚመጡ ብቻ በካርዱ የሚላከኩ ነገሮች አሉ። ከሁሉ የሚከፋው የዝርዝር ዝግጅት ነው። ካርድ በገባ ቁጥር፣ አንዳንዶቹም ማጫወቻዎች በተከፈቱ ቁጥር፣ በካርዱ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ፋይል ከፍተው የዘፋኙን ስም፣ የአልበሙን ርእስና ዓመቱን ያነባሉ፤ ከዚያም ዝርዝሩን ይጽፋሉ። በዚህ ጊዜ ዋናው ቺፕ በሙሉ ፍጥነት ይሠራል፤ ካርዱ አያርፍም፤ ስክሪኑም በርቶ ይቆያል። ጥቂት ሺሕ ዘፈን ያለበት ካርድ አምስት ደቂቃ ቢወስድና ፍጆታው 60 ሚሊ አምፔር ቢሆን፣ አንድ ጊዜ 5 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይጠፋል። አንዱ ብቻውን ምንም አይደለም። ማጫወቻውን ከአንድ ቻርጅ እስከ ሌላው ዐሥር ጊዜ የሚያጠፋና የሚያበራ ሰው ግን 50 ሚሊ አምፔር ሰዓት፣ ማለትም የባትሪውን አንድ ስድስተኛ፣ አንድም ዘፈን ሳያዳምጥበት ያጣል። ይህም ሁለት ሰዓት ተኩል ሙዚቃ ነው። ዘፈኖችን በዝርዝር ሳይሆን በፎልደር መርጦ ማጫወት በሚቻልበት ማጫወቻ ይህን ወጪ ማስቀረት ይቻላል።

የቆሸሸ ወይም የላላ የካርድ ቀዳዳም አለ። በካርዱና በማጫወቻው መካከል የሚያልፈው መረጃ ትክክለኛነቱ በቁጥር ይረጋገጣል፤ ስሕተት ሲገኝ ንባቡ ይደገማል። አድማጩ ይህን በጆሮው አይሰማውም፤ ባትሪው ግን ይሰማዋል። አቅሙ በሐሰት የተጻፈበት አስመሳይ ካርድም ተመሳሳይ ጣጣ ያመጣል። «64 ጊጋባይት» ተብሎ የተሸጠው ካርድ በእውነቱ ከዚያ ጥቂቱን ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ ሲሞላ ቀድሞ የተጻፈውን ይደመስሳል፤ ማጫወቻውም የሌለውን ፋይል ሲፈልግ ይኖራል። በካርዱ ላይ የሚታተመው የፍጥነት ደረጃ ግን ለሙዚቃ ምንም አይጨምርም። ደረጃ 4 የሚባለው ካርድ እንኳ በሰከንድ ቢያንስ 4 ሜጋባይት እንዲጽፍ የተሠራ ነው፤ ሙዚቃ የሚፈልገው ከዚያ ከመቶ አንዱን እንኳ አይሆንም። ለቪዲዮ ካሜራ ተብሎ የተሠራውን ውድ ካርድ ለሙዚቃ መግዛት ገንዘብን በከንቱ ማውጣት ነው።

የጆሮ ማዳመጫ በሌለበት፣ በራሱ ድምፅ ማጉያ በሚያሰሙት ትናንሽ ራዲዮኖች ላይ ደግሞ ሒሳቡ ፈጽሞ ይለወጣል። የጆሮ ማዳመጫ በጥቂት ሚሊ ዋት ረክቶ ይሠራል። ክፍል የሚሞላ ድምፅ ግን አንድ ዋት ያህል ይፈልጋል፤ ይህም ከ3.7 ቮልት ባትሪ ብክነቱን ጨምሮ 320 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው። 1000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ ፍጥነት ከሦስት ሰዓት ብዙም አይዘልቅም። ፈጽሞ የማይተኛ፣ 8 ሚሊ አምፔር የሚወስድ ካርድ ቢጨመርበት የሚያሳጥረው አምስት ደቂቃ አይሞላም። በእንዲህ ያለው ዕቃ ላይ ካርዱን መውቀስ ዝሆን ተቀምጦበት የተሰበረውን ወንበር በዝንብ ማሳበብ ነው። እዚያ ባትሪ መቆጠብ የሚሻ ሰው ድምፁን ይቀንስ።

የባትሪ ድንጋይና ያረጀ ባትሪ

አንድ የባትሪ ድንጋይ ብቻ የሚጎርሱ ማጫወቻዎች ለካርድ ይበልጥ ስሱ ናቸው። አዲስ ድንጋይ 1.5 ቮልት፣ ዳግም የሚሞላው የኒኬል ዓይነት ደግሞ 1.2 ቮልት ነው የሚሰጠው። ካርዱ ግን ከ2.7 ቮልት በታች አይሠራም። ስለዚህ በመካከል ቮልቴጅ አሳዳጊ ሰርኪዩት ይገባል፤ እርሱም ቮልቴጁን ሲያሳድግ ከድንጋዩ የሚስበውን ፍሰት ያበዛል። ካርዱ በ3.3 ቮልት 50 ሚሊ አምፔር ሲጠይቅ፣ የሰርኪዩቱ ብቃት 85 በመቶ ቢሆን፣ ከ1.2 ቮልቱ ባትሪ የሚሳበው 160 ሚሊ አምፔር ያህል ይሆናል። ድንጋዩ ሲደክምና ቮልቴጁ ሲወርድ ደግሞ ያንኑ ሥራ ለመሥራት የሚሳበው ፍሰት ይጨምራል። ደካማው ላይ ሸክም መጨመር እንዲህ ነው።

በሊቲየም ባትሪም ቢሆን እርጅና የራሱን ተንኮል ይሠራል። ባትሪ ሲያረጅ የሚይዘው መጠን ከመቀነሱ ሌላ የውስጥ ተቃውሞው ያድጋል። የውስጥ ተቃውሞው አንድ ኦም በደረሰ ባትሪ ላይ ካርዱ በድንገት 100 ሚሊ አምፔር ቢስብ፣ ቮልቴጁ ለዚያች ቅጽበት በ0.1 ቮልት ይወድቃል። ማጫወቻው 3.4 ቮልት ላይ እንዲጠፋ የተሠራ ቢሆንና ባትሪው 3.48 ላይ ቢሆን፣ ያቺ ቅጽበት መዝጊያውን ታስነካለች። ማጫወቻው «ባትሪ አልቋል» ብሎ ይጠፋል፤ ባትሪው ግን አላለቀም። ካርዱ ሲወጣ እንደገና በርቶ ለብዙ ደቂቃ መጫወቱ ባለቤቱን «ይኸው ካርዱ ነበር» ያሰኘዋል። እውነቱ ግን ካርዱ የባትሪውን ሕመም ገለጠው እንጂ አላመጣውም።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ልኬት

የራሱ ማጫወቻ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም፤ የግድግዳ ሰዓትና ትዕግሥት ይበቁታል። አንድ ዓይነት ዘፈኖችን በውስጥ ማኅደረ ትውስታውም በካርዱም ላይ ይጫኑ። ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ሞልተው፣ ድምፁን ከአንድ መጠን ላይ አቁመው፣ ያንኑ የጆሮ ማዳመጫ ሰክተው፣ ስክሪኑ እንዲጠፋ አድርገው መጀመሪያ ካርዱን አውጥተው ከውስጥ ማኅደረ ትውስታው፣ በሚቀጥለው ቀን ከካርዱ እስኪጠፋ ድረስ ያጫውቱ። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ካርዱን አስገብተው፣ ነገር ግን ዘፈኑን ከውስጥ ማኅደረ ትውስታው ያጫውቱ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ሦስተኛውን ነው። ካርዱ አንድም ዘፈን ሳይነበብበት ቆይታው ካጠረ፣ ማጫወቻው ካርዱን በከንቱ ነቅቶ እንዲቆይ ያደርገዋል ማለት ነው፤ እንዲህ ባለው ዕቃ ላይ ካርዱን ሥራ በሌለበት ጊዜ አውጥቶ ማስቀመጥ ትርጉም ያለው ቁጠባ ይሆናል። ሦስተኛው ከመጀመሪያው ጋር እኩል ሆኖ ሁለተኛው ብቻ ካጠረ ደግሞ፣ ካርዱ የሚነቃው ሲጠራ ቢሆንም ከተጠራ በኋላ እንዲተኛ የሚያደርገው የለም፤ ሌላ ሥሪት ካርድ ሞክሮ ማየት ያዋጣል።

እያንዳንዱ ልኬት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይደገም። ያው ባትሪ፣ ያው ዘፈን ሆኖ እንኳ በክፍሉ ሙቀትና በአሞላሉ ምክንያት የ20 እና የ30 ደቂቃ ልዩነት ሊታይ ስለሚችል፣ ከዚህ ያነሰውን ልዩነት እንደ ግኝት መቁጠር አይገባም። መልቲሜትር ያለው ሰውም ቢሆን ፍሰቱን በቀጥታ ሊለካ የሚችለው በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ማጫወቻ ላይ ነው። በሁለት ቀጭን የመዳብ ቁራጮች መካከል ወረቀት አድርጎ በድንጋዩ ጫፍና በስፕሪንጉ መካከል ያስገባል፤ ሁለቱን የመልቲሜትሩን ገመዶችም በሁለቱ ቁራጮች ላይ ያገናኛል። የተሸገውን የሊቲየም ባትሪ ግን ከፍቶ መነካካት እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል በፍጹም አይሞከርም። በመልቲሜትሩ ላይ የሚታየው ቁጥር ለአፍታ ዘልሎ ወደ ታች ከተመለሰና ለደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ እንደገና ከዘለለ፣ ያ ዝላይ ካርዱ ለንባብ የነቃባት ቅጽበት ናት፤ በዝላዮቹ መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ የማጫወቻው ማቆያ ስንት ሰከንድ ሙዚቃ እንደሚይዝ ይናገራል። ዘልሎ የማይወርድ ከሆነ ካርዱ አልተኛም።